ጋሽ ወልዴን በድምፅ ማጉያ የጠራሁ ዕለት

በዚያ ቀን ወንዙ ዳር የነበርነውን መጀመሪያ አንድ በአንድ ልጥራ። አንደኛው ጋሽ ወልዴ ናቸው። የሚኖሩት አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ላንድማርክ በሚባለው ሰፈር ነው። አዲስ አበባ ሳሉ የታወቁ የጃፓን መኪና መካኒክ ነበሩ፤ አሜሪካ ከገቡ በኋላ ፓርኪንግ ሲሠሩ ቆይተው ጡረታ ወጡ። ሁለተኛዋ፣ የእሳቸው ልጅ ሊዲያ ናት፤ ነርስ ነች። አባቷ በአማርኛ ሲያናግሯት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ ስትናደድ ግን አማርኛዋ እንደ ጎርፍ ይወርዳል። ሦስተኛው ዳዊት ነው። ታኮማ ፓርክ ይኖራል፤ ሊዲያ በምትሠራበት ሆስፒታል በሽተኞችን በአልጋ ያመላልሳል። ጴንጤ ነው፣ ቀልደኛ ነው፣ አፉ አያርፍም። አራተኛው እኔ ሙሉቀን ነኝ፤ የዳዊት ጓደኛ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤዝመንት ተከራይቼ የምኖር። አምስተኛዋ የዓሣ ማጥመጃው ባለቤት ወይዘሮ ሚዙኖ ናቸው። አንድ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛና አንድ ሽማግሌ ገበሬም አሉ፤ እነሱ ጋ ስደርስ እነግራችኋለሁ።

ነገሩ የሆነው ጃፓን ውስጥ ነው፤ ከናጎያ በባቡር ትንሽ ወጣ ብሎ በምትገኝ የወንዝ ዳር ከተማ። ሊዲያ አባቷን ለጡረታቸው ምን እንደምታደርግላቸው ስትጠይቃቸው፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ሆዳቸውን ስከፍታቸው የኖርኩት መኪኖች የተወለዱበትን አገር አሳዪኝ» አሏት። እሷ ዳዊትን ጋበዘች፤ ዳዊት ደግሞ «ትራንስሌተር አለኝ» ብሎ እኔን ጎትቶ አመጣ።

ያን ጊዜ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ካልነገርኳችሁ የሚከተለው አይገባችሁም። የምሠራው በአንድ አፓርትመንት ፍሮንት ዴስክ ላይ ነበር። ትርፍ ሰዓቴን የተበላሹ አሮጌ የጃፓን ካሜራዎች እየገዛሁ እጠግናለሁ። ማንም አላስተማረኝም። የጥገና መመሪያዎቹ በጃፓንኛ የተጻፉ ስለነበሩ ቋንቋውንም እዚያው ቤዝመንት ውስጥ ብቻዬን ተማርኩ። ስለ ሞላ፣ ስለ ብሎን፣ ስለ መስተዋት ስንጥቅ ሳነብ አንድ ቃል አያመልጠኝም። ለአንድ ጃፓናዊ «ደህና ዋሉ» ብዬ ግን አላውቅም። በአማርኛም ቢሆን ያው ነኝ። ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ማለት የምፈልገውን በልቤ አዘጋጅቼ፣ አቃንቼ፣ እንደገና አቃንቼ ስጨርስ ወሬው ሌላ ጋ ደርሷል። እዚያም ከደረስን ጀምሮ ምግብ ያዘዝኩት በጣቴ እየጠቆምኩ ነበር። ዳዊት «ይሄ ትራንስሌተር ነው ወይስ የመንገድ ምልክት?» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ሌላው ማወቅ ያለባችሁ ፍልሰታ መግባቱን ነው። ጋሽ ወልዴ ስኳር አለባቸው፤ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ከጉዞው በፊት የነፍስ አባታቸው፣ «አንተ ሕመምተኛ ነህ፤ ደግሞም መንገደኛ ነህ፤ ፈትቼሃለሁ፣ ብላ» ብለዋቸዋል። ሊዲያ አብራቸው ሄዳ በጆሮዋ ሰምታለች። አባቷም አንገታቸውን ነቅንቀው «እሺ አባ» ብለዋል። እሷም በዚያ ተማምና ነበር።

ጠዋት ኮረብታው ላይ ያለውን ጥንታዊ የእንጨት ግንብ ለማየት ወጣን። መግቢያው ላይ ጫማ ይወለቃል። ውስጡ ጨለም ያለ ነው፤ ደረጃው እንደ መሰላል ቀጥ ብሎ የቆመ፣ እርከኑ ብዙ እግር ረግጦት መሐሉ የጎደጎደ። ጋሽ ወልዴ አላፊ አግዳሚውን አስቁመው ምሰሶና ወራጅ የሚገጣጠሙበትን በጣታቸው ይዳብሱ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ና ተመልከት። ሚስማር እኮ የለውም! አንዱ ሌላውን ነክሶ ነው የያዘው።»

«አዎ ጋሼ» አልኩ።

«አዎ ጋሼ» ብሎ ዳዊት አስመሰለኝ። «ሙሌ፣ ዛሬ ብዙ አወራህ፤ ጉሮሮህ እንዳይደርቅ።»

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጋሽ ወልዴ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ግንባራቸውን ላብ አጥምቆታል።

«ዳድ፣ ዲድ ዩ ኢት?» አለች ሊዲያ።

«በላሁ አልኩሽ እኮ! እናንተ ሳትነሡ ነው የወረድኩት። ነሐሴ ነው፤ ማን ያላላበው አለ?» አሏት። እውነትም ሁላችንም አልቦን ነበር። ቀጣዩን ደረጃ ሊወጡ ሲሉ የትከሻ ቦርሳቸውን አውልቀው ሰጡኝ። «ይቺን ያዝልኝ፤ ሚዛን እያሳተችኝ ነው።» በትከሻዬ አነገትኳት። ከዚያ በኋላ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልመለስኩላቸውም።

ቀትር ላይ ወደ ዓሣ ማጥመጃው ወረድን። ወንዙን በድንጋይና በእንጨት አጥረው ውኃውን ወደ አንድ ጥግ ይገፉታል። እዚያ ጥግ ላይ ከቀርከሃ የተሠራ ሰፊ፣ ዘንበል ያለ ርብራብ አለ። ውኃው ርብራቡ ላይ ሲወጣ በቀርከሃዎቹ መሐል ሾልኮ ይወርዳል፤ ዓሣው ብቻ ከላይ እየተንፈራገጠ ይቀራል። መረብ የለ፣ መንጠቆ የለ። ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነው የሚያጠምዱት። ዳዊት ሱሪውን ሰብስቦ በባዶ እግሩ ርብራቡ ላይ ወጣና አንድ ዓሣ በሁለት እጁ ሲይዝ እንደ ሕፃን ጮኸ። ወይዘሮ ሚዙኖ ዓሣውን ተቀብለው በእንጨት ወጉት፤ ጨው ነስንሰውበት ከሰሉ ዳር ሰኩት። ትንሽዬ፣ ብርማ ዓሣ ናት፤ ስትጠበስ የተቆረጠ ሣር ዓይነት ሽታ አላት።

ዳዊት የመጀመሪያዋን ለጋሽ ወልዴ ዘረጋላቸው። «ጋሼ፣ ዓሣ ሥጋ አይደለም። ጴጥሮስ ራሱ ዓሣ አጥማጅ ነበር።»

«ሐዋርያት ፍልሰታን የጾሙ ናቸው እንጂ የጠበሱ አይደሉም።»

«ዳድ፣ ዩ አር ኖት ፋስቲንግ፣ ራይት?» ሊዲያ ቀና አለች።

«ዓሣ አልወድም ማለቴ ነው። እናቴ ዓሣ ስትሠራ አይቼ አላውቅም። ብሉ፣ ብሉ።»

«አንድ ጉርሻ ብቻ፣ ጋሼ። ጴንጤ ያጎረሰው አይቆጠርም!» አለ ዳዊት። ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አደረጉና ተነሡ፤ በሸምበቆው ጎን ባለችው ቀጭን መንገድ ወደ ላይ ሄዱ።

ሁላችንም አየናቸው። ማንም ግን «ወዴት ነው?» አላለም። የእኛ ነገር ነው፤ ታውቁታላችሁ። ትልቅ ሰው ከተቀመጠበት ድምፁን አጥፍቶ ሲነሣ ወዴት ነው አይባልም። ለሽንትም ሊሆን ይችላል፣ ለጸሎትም ሊሆን ይችላል። ብትጠይቅ ነውሩ የአንተ ነው። የሌላ አገር ሰው ቢሆን ይጠይቅ ነበር። እኛ በአክብሮት ዝም ብለን ዓሣችንን በላን።

መጀመሪያ መቁነጥነጥ የጀመርኩት እኔ ነኝ። ዓሣው አልቆ፣ ሻይ ቀርቦ፣ ዳዊት ሁለተኛ ዙር ወደ ርብራቡ ሄዶ ሲመለስ መንገዷ ላይ ሰው አልነበረም። ዓይኔ ወደዚያ፣ ወደ ሊዲያ፣ እንደገና ወደዚያ ይላል። መናገር ፈልጌ ዐረፍተ ነገሩን በልቤ ሳስተካክል እሷ ቀደመችኝ።

«ዌር ኢዝ ማይ ዳድ?»

ዳዊት መጸዳጃ ቤቱን አይቶ መጣ። የሉም። ሊዲያ ስልክ ደወለች። ስልኩ የጮኸው በእኔ ትከሻ ላይ ነው።

ቦርሳዋን ከፈትናት። ስልክ፤ የኢንሱሊን መርፌ፤ ስኳር ሲወርድ የሚበላ ከረሜላ። ከሥር ደግሞ በሆቴሉ ናፕኪን በጥንቃቄ የተጠቀለለ ሁለት ዳቦ፣ ሙዝ፣ በቅጠል የተሸፈነ የሩዝ ድቡልቡል፣ ያልተከፈተ ትንሽ ጁስ። ቁርሳቸው ነው፤ አንድም አልተነካም።

ሊዲያ መርፌውን አንሥታ አየችው። ፊቷ ተለወጠ። «ተወግቷል። ኢንሱሊኑን ወስዷል። ወስዶ አልበላም።»

«ምን ማለት ነው?» አለ ዳዊት፤ ሳቁ ከፊቱ ጠፍቶ።

«ስኳሩ እየወረደ ነው ማለት ነው! ነገር ይምታታበታል፣ ይወድቃል፣ ከዚያ...» አልጨረሰችውም። «ከረሜላውም እዚህ ነው ያለው። አንተ ወደ ላይ ሂድ፣ እኔ ወደ ታች። ሙሌ፣ አንተ ለሴትዮዋ ንገራት። ንገራት!»

ሁለቱ ሮጡ። እኔ ወይዘሮ ሚዙኖ ፊት ቆምኩ። ሴትዮዋ የዓሣ መውጊያ እንጨት ይዘው ቀና ብለው ያዩኛል። በውስጤ ትክክለኛውን የአክብሮት አነጋገር እመርጣለሁ፣ እጥላለሁ፣ እመርጣለሁ። ወንዙ ይጮኻል። እግሬ አንድ ቦታ አልረጋ አለ። በመጨረሻ ሰዋስው የሌለው ነገር ከአፌ ወጣ፦ «ሽማግሌ። ጠፋ። ሕመም። ስኳር። አልበላም።»

ሴትዮዋ እንጨቱን ጣሉት። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም። በትንሿ የጭነት መኪናቸው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ከነፍን።

እዚያ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ የእኔ ዕድሜ የሚሆን ሠራተኛ ተቀበለን። በዚያ አገር በየሰፈሩ ረጃጅም ምሰሶዎች አሉ፤ አናታቸው ላይ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል። ጎርፍ ሲመጣ፣ ምድር ስትንቀጠቀጥ፣ ሽማግሌ ሲጠፋም ለሕዝቡ የሚነገረው በእሱ ነው። ሰውየው ወረቀት አቀረበና ምን እንደለበሱ ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ ያየሁትን አልረሳም። ቡናማ ባርኔጣ፣ ዙሪያው ጥቁር ጥብጣብ። የቅቤ መልክ ያለው ሸሚዝ፣ ግራ ኪሱ ላይ ብዕር። ሽራፊ የመሰለች ነጭ ጠባሳ ቀኝ አውራ ጣት ላይ። ግራጫ ሱሪ፣ አንድ ጊዜ የታጠፈ...

«ይበቃል» አለኝ በትሕትና። «እዚህ ከተማ ረጅም ጥቁር ሽማግሌ አንድ ብቻ ነው።»

ደወል ጮኸ፤ ከዚያ የሰውየው ድምፅ ቀስ ብሎ፣ እየተቆራረጠ በሸለቆው ላይ ተናኘ። በመስኮት ሳይ ከቤት የሚወጡ ሰዎች ታዩኝ። ግን አንድ ነገር ታወሰኝ። ጋሽ ወልዴ አንድ ቃል አይገባቸውም። ደግሞም የሚያገኛቸው ሰው የሚበላ ነገር ቢሰጣቸው አይቀበሉም። ኢንሱሊን ወስደው ቁርሳቸውን በናፕኪን የጠቀለሉ ሰው ለማያውቁት ሰው ብለው ጾም አይገድፉም።

«ምግብ ቢሰጧቸው እምቢ ይላሉ» አልኩት።

«ለምን?»

ጾም የሚለውን ቃል በካሜራ መመሪያ ውስጥ አላገኘሁትም። «ለአምላክ ቃል ገብተዋል» አልኩ። «በቋንቋችን እኔ ልናገራቸው።»

ሰውየው ማይክሮፎኑን አየ፣ እኔን አየ። ከሠራተኛ በቀር ማንም እንደማይናገርበት ገለጸልኝ። አለቃው ጋ ደወለ። አለቃው አላነሡም። እንደገና ደወለ። እኔ ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ እመላለሳለሁ። በዚህ መሐል ሊዲያ ደወለችልኝ፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል።

«የለም! አባ ጋ ብደውል ብደውል አያነሡም፣ እዚያ ሌሊት ነው። እሳቸው ቢያዙት ኖሮ...»

«በድምፅ ማጉያ ልናገር ነው። ምን ልበላቸው?»

«አይ ዶንት ኖ! ብላ በለው! ሙሌ፣ እንዲበላ አድርገው፤ እንዴትም አድርገህ!»

ስልኩን ስዘጋ ሠራተኛው ከወንበሩ ተነሥቶ ነበር። አለቃው እንዳላነሡ ከፊቱ ያስታውቃል። ወንበሩን ወደ እኔ ገፋና ጎንበስ አለ። ቀይ መብራት በራ።

ወደ ማይክሮፎኑ ተጠጋሁ። ሸለቆው በሙሉ ትንፋሼን እንደሰማ ኋላ ዳዊት ነግሮኛል። ከዚያ የገዛ ድምፄን ከውጭ፣ ከተራራው ማዶ ሰማሁት።

«ጋሽ ወልዴ። ሙሉቀን ነኝ። ቦርሳዎ እኔ ጋ ነው። ቁርስዎን አይተነዋል።»

ድምፄ ሄዶ፣ ተመልሶ፣ በላዬ ላይ ወደቀ። «ባሉበት ይቀመጡ። ማንም የሚበላ ነገር ቢሰጥዎት ይብሉ።» እስከዚህ ድረስ በትክክል አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ የተናገርኩት ግን ከአእምሮዬ ጠፍቷል። ብዙ ተናግሬያለሁ። ሠራተኛው ውኃ ሲሰጠኝ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነበር፤ ወይዘሮ ሚዙኖ አንድ ቃል ሳይገባቸው እያለቀሱ ነበር።

የቢሮው ስልክ ጮኸ። ተገኝተዋል።

ከወንዙ በላይ፣ ከአንድ ገበሬ ቤት ጓሮ፣ የተደፋ ሣጥን ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ባርኔጣቸው መሬት ላይ ነው። ፊታቸው ዐመድ መስሏል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ አገጫቸው ላይ ግን የኮክ ውኃ ይወርዳል። ፊት ለፊታቸው አንድ ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ ቁጢጥ ብሎ ሁለተኛ ኮክ እየላጠ ነው።

«አንተ ነህ?» አሉኝ፤ ምላሳቸው ይከብዳል።

«አዎ ጋሼ።»

«ድምፅህ እንዲህ ትልቅ ነው እንዴ?»

ሊዲያ ከዳዊት ጋር እየሮጠች ደረሰች። ጣታቸውን ወግታ ስኳራቸውን በመለኪያዋ ለካች፤ ጁሱን ከትከሻዬ ካለችው ቦርሳ አውጥታ አጠጣቻቸው፤ ቆየችና እንደገና ለካች። ቁጥሩ ከፍ ማለቱን ስታይ ያ አማርኛዋ መጣ።

«ልትገድለኝ ነው? ንገረኝ፣ አባቴ፣ ልትገድለኝ ነው? አባ ፈትተውህ አልነበር? ‹እሺ› ብለህ አልነበር? ዳቦ በናፕኪን ደብቀህ! እንደ ተማሪ!»

«ፈትተውኛል» አሉ ጋሽ ወልዴ አቀርቅረው። «እኔ ግን አልፈታኋትም። እናትሽ ከሞተች ወዲህ ፍልሰታን አንድም ቀን አላጓደልኩም። እስከ ቅዳሴ መውጫ ብቻዬን ልቀመጥ ብዬ ነው የሄድኩት። ብሉ ብሉ እንዳትሉኝ። መንገዱ ሁለት ሁለት ሆኖ ታየኝ። ይህ ሰው መጣ፤ ኮክ ሰጠኝ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አይሆንም አልኩት። ደግሞ ሰጠኝ። ደግሞ አይሆንም አልኩት። ከዚያ ከሰማይ ስሜ ተጠራ። በአማርኛ! በእውነት የሞትኩ መስሎኝ ነበር። ግን እዚያ ቤት ‹ቁርስዎን አይተነዋል› የሚል መልአክ የለም ብዬ አሰብኩ።»

ዳዊት መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ፊቱን አዙሮ ዓይኑን ጠረገ። ሽማግሌው ገበሬ የላጠውን ኮክ ዘረጋ። ጋሽ ወልዴ በሁለት እጃቸው ተቀበሉት።

ይህን ስጽፍ ያ ቀን ካለፈ ብዙ ወራት ሆነውታል። አሁንም እረፍት የለኝም። ሜትሮ ጣቢያ ውስጥ ድምፅ ማጉያ ሲንኮሻኮሽ ሳላስበው ከመቀመጫዬ እነሣለሁ። ግን ከፍሮንት ዴስኩ ወጥቼ የአስተርጓሚነት ሥልጠና ወሰድኩ። ዛሬ ሥራዬ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ክሊኒኮች ውስጥ በሐኪሙና በወላጆቻችን መሐል መቀመጥ ነው። ሐኪሙ «መድኃኒቱን ወስደዋል?» ሲል እተረጉማለሁ፤ «ወስጃለሁ» ሲሉ እተረጉማለሁ። «በልተዋል?» የሚለው ከተረሳ ግን ለሐኪሙ አስታውሳለሁ። ቃላት አሁንም በልቤ አቃናለሁ፤ ሰው እየጠበቀኝ ከሆነ ግን ሳይቃኑም አወጣቸዋለሁ።

ይህን የምታነቡ፣ አባት ወይም እናት ያላችሁ፦ የነፍስ አባት ፈቱ ማለት ሰውየው በላ ማለት አይደለም። ስኳር ያለበት ሰው ጾም ሲገባ «በላሁ» ቢላችሁ ሳህኑን እዩ። ሲነሣም «ወዴት ነው?» በሉት። ቢቆጣ ይቆጣ። የሚቆጣ አባት በሕይወት ያለ አባት ነው።

አንድ ያልተቋጨ ነገር አለኝ። ማይክሮፎኑ ላይ የቀረውን ምን ነበር ያልኩት? ዳዊት ወደ ላይኛው ምሰሶ ቅርብ ነበርኩ ይላል፤ «በማርያም ይዤዎታለሁ ብለሃቸዋል፤ የማርያምን ጾም በማርያም ይዘህ ማስፈታት! እኔን ጴንጤውን እንኳ እንዲያ ብትለኝ ዐፈር እበላ ነበር» ይላል። ሊዲያ ወንዙ ዳር ነበረች፤ በማርያም የሚል አልሰማችም፤ «አባቴ ብለኸዋል፣ ሦስቴ፣ እያለቀስክ» ትላለች። እኔ አባቴን በልጅነቴ ነው ያጣሁት፤ ማንንም አባቴ ብዬ አላውቅም። ጋሽ ወልዴን ስጠይቃቸው «ያልከውን ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ በላሁ» ይሉኛል፤ ሌላ አይጨምሩም።

ሊዲያ፣ ዳዊት፣ የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ፤ የረሳሁት ካለ ጨምሩበት። ጋሽ ወልዴ፣ እርስዎም፣ በማርያም ይሁን በአባቴ፣ የሰሙትን ይጻፉልኝ።